ድምፅ የሌለው ዝማሜ

የኔታ ገብረ ኢየሱስ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አጎቴ ብዬ ጠርቻቸው ግን አላውቅም። አዘዞ ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ፣ የገዛ ልጆቻቸው ጭምር፣ የኔታ ነው የሚላቸው። አርባ ዓመት አቋቋም አስተምረዋል። በግራና በቀኝ ተሰልፎ የሚያሸበሽብ ካህን መቋሚያውን ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ጸናጽሉን መቼ እንደሚያነሣ፣ የትኛው ቃል ላይ ድምፁን እንደሚሰብር እሳቸው ጋ ያልተማረ በዚያ አካባቢ ጥቂት ነው።

ኅዳር ሚካኤል በዋለ በማግስቱ አስደወሉልኝ። የደወለው ደቀ መዝሙራቸው ሐብተ ማርያም ነበር። የኔታ ያሉትን ቃል በቃል እንዳደርስ ታዝዣለሁ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ አምስት ዓመት ፖላንድ ድረስ ሄደህ የተማርከው ኤሌክትሮኒክስ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው፣ ሞኒተሩ ድምፅ የለውምና መጥተህ ሥራልኝ ብለዋል አለኝ።

ነገሩ ቀልድ ነበር። እኔን ግን ጠቅ አደረገኝ። ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በኮንትራት አስተምራለሁ፤ አንድ ክፍል ተከራይቼ ከሻንጣዬ እያወጣሁ ለብሼ መልሼ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለምን ተመለስክ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬንና መመርመሪያዬን በቦርሳ ይዤ አዘዞ ወረድኩ።

ሐብተ ማርያም አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈው የኔታ ደጅ ነው። እየሄድን ነገሩን አስረዳኝ። ከደባርቅ ወዲያ ያለ አንድ የገጠር ደብር መምህር አድርጎ ሊቀጥረው ይፈልጋል። ግን የየኔታን የምስክር ወረቀት እስከ ሰኞ ይዞ ካልቀረበ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። የኔታ ደግሞ ልማዳቸው አንድ ነው። ተማሪው ለብቻው ፊታቸው ቆሞ ቢያደርገው አይበቃቸውም፤ በበዓል ቀን፣ በሰልፉ መካከል፣ ሕዝብ ሲያየው መስማት አለባቸው። በመስከረም ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻሉም። ስለዚህ የሚካኤል ዕለት ማኅሌቱ በስልክ ተቀረጸላቸው። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ አስናቀው የሚባል አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ ተማሪያቸው የላከላቸው ስጦታ ነው። ሥዕሉ ይታያል፤ ድምፁ የለም።

«ያልሰሙትን አይመሰክሩም» አለኝ ሐብተ ማርያም። «ሌላ መምህር ጋ ሂድ የሚሉኝ አሉ። የእሳቸውን ትምህርት በሌላ ሰው ፊርማ ይዤ ልሄድ?»

ቤት ስንደርስ የኔታ ውስጠኛው ክፍል ጸሎት ላይ ነበሩ። የተቀበለችኝ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ናት። እናቴ ስትሞት ሁለት ዓመት እሷ ጋ ስላደግሁ አንቺ እያልኩ ነው የማናግራት። ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ከዚያ በሞኒተሩ ላይ ያለበሰችውን ጥልፍ ጨርቅ ቀስ ብላ አነሣችልኝ። ፋብሪካው የለጠፈው ፕላስቲክ ገና አልተላጠም።

ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በገመዱ ወደ ሞኒተሩ መላክ ሲገባው፣ ከጀርባው ወዳለው የማዳመጫ ቀዳዳ ነበር የሚልከው። ቀዳዳው ላይ ምንም አልተሰካም፤ ድምፁ የትም አይደርስም። ምርጫውን ወደ ሞኒተሩ ቀየርኩትና ቪዲዮውን ነካሁት። ከሞኒተሩ ጀርባ ካሉት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች የካህናቱ ድምፅ ቀጭን ሆኖ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚመጣ ዓይነት፣ ወጣ። ከዚያ ጸናጽሉ።

ዞር ብዬ እትዬ ብርቄን አየኋት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

ሸጋ ነው፣ አሁን አቁመው፣ የኔታን ከጸሎት እንዳታናጥባቸው አለችኝ። ከዚያ እጄን እንድታጠብ ወደ ጓሮ ላከችኝ። ምሳ ከበላን በኋላ የኔታ በሁለት ከዘራ ተደግፈው ወጡ። ከስተዋል፤ ጥምጥማቸው ግን እንደ ድሮው ንጹሕ ነው። በቀኛቸው አስቀመጡኝና ፊቴን በመስኮቱ ወደሚገባው ብርሃን እንዳዞር አደረጉኝ።

«ዙርልኝ እስቲ፣ ልይህ» አሉ። «ሚስት አላመጣህ፣ ማኪና አላመጣህ። ድምፅ እንኳ አምጣልን።»

ሐብተ ማርያም ሳቀ። እኔም ሳቅሁና አምጥቻለሁ አልኳቸው፤ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሣሁት። ነጭ የለበሱት ካህናት በሁለት ረድፍ ተነቃነቁ፤ አፋቸው ተከፈተ፤ ድምፅ የለም።

ቅድም ነበር እኮ አልኩ። እትዬ ብርቄ ሳህኖቹን ይዛ ወጣች። ሐብተ ማርያም፣ ነበር መሰለኝ፣ እኔም ልብ አላልኩትም አለና ጫማውን ተመለከተ። ምርጫውን ፈተሽኩት፤ እንዳስቀመጥኩት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። ገመዱን ነቅዬ፣ እፍ ብዬ፣ መልሼ ሰካሁት። ለተማሪዎቼ ሥዕልና ድምፅ በዚህ ገመድ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ካለፈ ሌላውም ያልፋል ብዬ አስተምራለሁ። አሁን ግን የገዛ ትምህርቴን መጠራጠር ጀመርኩ። ውስጡ አንድ ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል። ወይም ቅድም የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። እንዲህ ነው የምሆነው፤ በእጄ የነካሁትን ነገር ሰው አልነበረም ካለኝ እኔም አልነበረም ማለት ይቃጣኛል።

ፒያሳ ሄጄ አዲስ ገመድ ልግዛ ስል ሐብተ ማርያም ለሌላ ቀን ብናደርገው አለ። ወረቀቱን ሰኞ ለሚፈልግ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ይሉኝታ ነው ብዬ አለፍኩት። በሚኒባስ ሄጄ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የኔታ ከቦታቸው አልተነሡም፤ ድምፅ አልባውን ቪዲዮ ሲመለከቱ ነው የቆዩት። አዲሱን ገመድ ሰካሁ። አሁንም የለም።

ተስፋ ቆርጬ ሞኒተሩን ወደ ራሴ ሳዘነብለው ጣቴ ከታች ጠርዙ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነካች። ስክሪኑ ጥግ ላይ የስፒከር ምልክት ብቅ አለ፤ ከአጠገቡ ዜሮ። ሞኒተሩ ከኮምፒውተሩ የተለየ የራሱ ድምፅ መቆጣጠሪያ አለው፤ ይህን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የምነግረው ነገር ነው። ቅድም ዜሮ አልነበረም። ቁልፏን ይዤ ሃምሳ፣ ሰባ፣ መቶ አደረስኩት።

ማኅሌቱ ቤቱን ሞላው። ደጃፉ ላይ ስትጭር የነበረች ዶሮ ደንግጣ ሸሸች። አዩ፣ አመጣሁልዎ ልል እየሣቅሁ ወደ የኔታ ዞርኩ።

የኔታ ግንባራቸውን ቋጥረው ሥዕሉን እያዩ ነው።

«ምነው፣ አሁንም እምቢ አለ?» አሉ።

ሐብተ ማርያም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እትዬ ብርቄ ከጓሮ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እጇ አፏ ላይ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። በቀኝ ያስቀመጡኝ፣ ፊቴን ወደ ብርሃን ያዞሩት፣ ሐብተ ማርያም ሲያናግራቸው ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ሥር የሚሆነው፣ እኔ አክብሮት ነው ብዬ ያየሁት ሁሉ ሌላ ነገር ነበር። ቪዲዮውን አቆምኩና ከቦርሳዬ ዕቃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ቦርሳዬ ያለው እግሬ ሥር ነበር።

እትዬ ብርቄ ጓሮ ካለው የጌሾ ተክል ጋ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን ጨብጣ ነገረችኝ። በሁዳዴ ነው ያወቀችው። ተማሪዎቹ ውጭ ክፍል ይለማመዳሉ፤ እሷ ማዕድ ቤት ናት። አንዱ ዝቅ ማለት የሚገባውን ቦታ ከፍ አድርጎ አለፈ። እንዲህ ሲሆን የኔታ መቋሚያቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ይመታሉ፤ ሁሉም ዝም ይላል። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። መቋሚያው አልተመታም። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስትከታተላቸው ከበሮውን ይሰማሉ፤ ቀረብ ብሎ፣ አፉን እያሳየ የሚያናግራቸውን ይሰማሉ። ጸናጽሉንና ራቅ ያለ ቀጭን ድምፅ ግን አይሰሙም። ሞኒተሩ ሲመጣ ራሳቸው ይህ ዕቃ ድምፅ የለውም አሉ። እውነትም አልነበረውም። እሷም እግዜር ሰበብ ላከልኝ ብላ ተቀበለችው። እኔ እጄን ልታጠብ ስወጣ ድምፁን ዜሮ ያደረገችው እሷ ናት። ቁልፏን ያሳያት ሐብተ ማርያም ነው።

«ጆሯቸው ሄደ ከሚባል ዕቃው ተበላሸ ቢባል ምን አለበት?» አለችኝ። «ተቃጥሏል በላቸው ልጄ። ሌላ ከአዲስ አበባ ይመጣል በል።»

የሐብተ ማርያም ሰኞስ አልኳት። እሱ ራሱ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። ወረቀቱ ይቅርብኝ አለ። እሳቸውን ከማሳፍር ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ አለ። ድምፁ ግን እንዳሰበው አልጸናለትም፤ ዘጠኝ ዓመት ነው። ያሰረው ጓዝ ውጭ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር።

ብልሽት መፈለግ ተምሬያለሁ። ከተገኘ በኋላ ለማን እንደሚነገር ግን ማንም አላስተማረኝም። ብዋሽ የኔታ ክብራቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ እንደገና ሌላ ዕቃ እስኪመጣ፣ እንደገና እሱም ድምፅ የለውም እስኪባል። እውነቱን ብናገር ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ለመሄድና ለመቅረት መወሰን ያቃተኝ ሰው በዚህ ቤት ነገር ምን አገባኝ? እትዬ ብርቄ መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። ደጃፉ ላይ ስደርስ አሁንም አልወሰንኩም ነበር።

የኔታ አገኘኸው ወይ አሉኝ። ዓይናቸው ከንፈሬ ላይ ነው። በዚያ ዓይን ፊት ተቃጥሏል የሚለውን ቃል ማውጣት አልቻልኩም። በቀኛቸው ተንበርክኬ አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ።

«የኔታ፣ ሞኒተሩ ደኅና ነው። ቅድምም ድምፅ ነበረው።»

ወደ ሞኒተሩ ዞሩ። ከዚያ አጫውተው አሉኝ። አጫወትኩት።

«አሁን ይጮኻል?»

«ጎረቤት ድረስ ይሰማል።»

«ጸናጽሉም?»

«ጸናጽሉም።»

ረድፉ ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ ወደ ቀኝ ሲመለስ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸናጽል ከሰሙ መቆየታቸውን፣ መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ቀስ አድርገው የሚመቱ መስሏቸው እንደተቆጧቸው፣ በቀስታ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ነገሩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ በሩ አነሡ።

«ብርቄ፣ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

መጥታ ፊታቸው ቆመች። «ከሁዳዴ።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቱስ ምነው ዝም አሉ?»

የኔታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ እንጨቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳበሱት። ቀና ሲሉ የጠየቁት ስለ ራሳቸው አልነበረም። ተሳስቶ ያለፈኝ ተማሪ አለ ማለት ነው አሉ። አንድ ነው፣ የጭልጋው ልጅ አለች እትዬ ብርቄ። ይጠራና ይታረም አሉ። ከዚያ ወደ ሐብተ ማርያም ዞረው፣ እንግዲህ አንተን መስማት አልቻልኩም፣ ያልሰማሁትን ደግሞ አልጽፍም፣ ይቅር በለኝ አሉት። ሐብተ ማርያም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ። ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። የኔታ ግን አንድ ነገር እንደከነከናቸው እትዬ ብርቄን እያዩ ነው።

«የጭልጋው ልጅ መሳሳቱን አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሰምቼ ነዋ» አለች። «አርባ ዓመት ከተማሪዎችዎ ጋር ስትጮኹ ግድግዳው ምን ይከለክላል?»

«ሁሉንም?»

መሬት መሬት እያየች ትከሻዋን ነቀነቀች። የኔታ እኔ ከተነሣሁበት በቀኛቸው ካለው ቦታ ላይ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ነይ ተቀመጪ አሏት። እሳት ላይ የጣድኩት አለ አለች። ይረር አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ሴት ተቀምጣ አታውቅም አለች። ይህ ቤቴ ነው፣ ቤተ መቅደስ አይደለም፣ ተቀመጪ አሏት። ተቀመጠች።

«እኔ አያለሁ፣ አንቺ ስሚ። ሲስት ክንዴን ንኪኝ።»

ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሣሁት። ድምፁን መቶ ላይ አቆየሁት። ዝማሜው ሲጀምር የሰልፉ መቋሚያዎች በአንድነት አዘነበሉ። ሐብተ ማርያም ከቀኝ ረድፍ አራተኛው ነው፤ ስልኩ ለእሱ ቀርቦ ስለተያዘ ድምፁ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማል። የኔታ ወደ ፊት ሰገግ ብለው ትንፋሻቸውን ይዘው ያያሉ፤ እትዬ ብርቄ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ከሁለቱ አንዳቸውም ሌላውን አይመለከቱም። አንድ ቦታ ላይ የኔታ መቋሚያቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ። ቀደምክ፣ ግራህ ገና ነበር አሉት ሐብተ ማርያምን። እትዬ ብርቄ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ድምፁ ግን ደኅና ነበር አለች። ያንን አለፉለት።

አጋማሹ ላይ ክንዳቸውን ነካች። የኔታ ምንም አላዩም፤ አቁመው አሉኝ። ምኑ ላይ ነው አሏት። እኛን አየች፤ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ተጠጋችና ቃል በቃል እየለየች መጀመሪያ ሐብተ ማርያም ያለውን፣ ቀጥላ ሊል የሚገባውን አሰማቻቸው። እትዬ ብርቄ ስታዜም ሰምቼ አላውቅም። ጉሮሮዋ ትንሽ ይሻክራል፤ ዜማው ግን ቅንጣት አልጎደለውም።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሟት፤ ሦስተኛው ለምርመራው የሚያስፈልግ አልነበረም። ሐብተ ማርያም ሳይታወቀው ተነሥቶ መቋሚያ ይዞ ቆሟል። እሷ ያለችውን ተቀብሎ አዜመ። ክንዳቸውን አልነካችም። የኔታም መሬት አልመቱም። በል እንደገና አሉት፤ እንደገና አለው። ቪዲዮው እስኪያልቅ ሌላ ስሕተት አልተገኘም።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የኔታ ቃል ቃሉን እየነገሩኝ። ፈረሙ፤ ማኅተማቸውን አሳረፉ። ከዚያ ወረቀቱን ለሐብተ ማርያም ይሰጡታል ስል ወደ እትዬ ብርቄ ገፉት። ጣትሽን አምጪ አሏት። ምን ሊሆን ብላ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። ሐብተ ማርያምም ደነገጠ። እዚያ ያሉት ካህናት ይህ የማን ጣት ነው ብለው ቢጠይቁኝስ አለ።

«ማን ሰማ ቢሉህ፣ እሷ ሰማች በላቸው» አሉ የኔታ። «እኔ ማየቴን ጽፌያለሁ።»

የማኅተሙን ቀለም አውራ ጣቷ ላይ ቀባኋትና ከፊርማቸው ጎን አስነካኋት። ሐብተ ማርያም ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ እፍ እያለ ያደርቀው ጀመር። እትዬ ብርቄ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግ ስትል የኔታ እጇን ያዙት። ቀለሙ መዳፋቸውን ነካ። አልለቀቋትም።